ለእንግዳ የተጸዳው የቲማቲም ማሳ

ዳር እስከ ዳር ለምለም የሆነ የቲማቲም ማሳ ሳይ ዛሬም ደስ አይለኝም። ሰው ሁሉ «እንዴት ያምራል» ሲል እኔ ጎንበስ ብዬ በተክሎቹ መካከል ባዶ ቦታ እፈልጋለሁ። የተነቀለ አለ ወይ፣ አፈሩ ተነካክቷል ወይ እያልኩ። ባለቤቴ በዚህ ይስቅብኛል፤ ማሳ ሳይሆን ሌባ ነው የምትፈልጊው ይለኛል። ይሳቅ። እሱ ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ አያውቅም።

እኔ የመካነ ሰላም ልጅ ነኝ፣ በብርድ ያደግሁ። ከግብርና ኮሌጅ በዲፕሎማ ስመረቅ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ተብዬ የተመደብኩት ቁልቁል ወደ ዓባይ በሚወርደው ቆላ ነበር። ጠዋት ጋቢ ደርቦ ከከተማ የተነሳ ሰው እኩለ ቀን ላይ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ይጣበቃል። መኪና የለም፤ በእግር ነው የሚወረደው። መጀመሪያ ቀን ጫማዬን በእጄ ይዤ ነው የደረስኩት። የቀበሌው ሊቀመንበር «ቤት እስኪገኝልሽ» ብሎ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ግቢ አስገባኝ። ቤቱ ሳይገኝልኝ ከሦስት ዓመት በላይ እዚያው ኖርኩ።

ሽማግሌው ቁርዓን ያስቀራሉ፣ ያርሳሉ፣ የተጣላ ያስታርቃሉ። ቀጭን ናቸው፣ ጨዋታ ያውቃሉ። እግሬ አብጦ ሲያዩ «ደገኛዋ ልትቀልጥ ነው፣ ዕቃ አምጡና ተቀበሏት» ብለው ሚስታቸውን አሳቁብኝ። እኔ አባባ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው ልጄ ይሉኛል። ክርስቲያን ነኝና ቤታቸው ሥጋ በተሠራ ቀን ለእኔ በሌላ ድስት ምስር ወይም እንቁላል ይሠራልኛል፤ ስለዚህ ነገር አንድም ቀን ማንም አውርቶ አያውቅም። ሦስት ሴቶች ልጆቻቸውን ድረዋል። ቤት የቀረችው የመጨረሻዋ ናት።

ልጅቷ አሥረኛ ክፍል ተፈትና ነጥቡ አልመጣላትም። ከእኔ አራት ዓመት ብታንስ ነው፤ እታለም ትለኛለች። ዝምተኛ ናት፣ እጇ ግን ሥራ ያውቃል። የአክስቷ ልጅ ጅዳ ናት፤ «ነይ፣ እኔ እቀበልሻለሁ» እያለች በስልክ ትጠራታለች። የልጅቷም ልብ ሄዷል። አባት ደግሞ «በዚህ ክንዴ ያሳደግኳትን ለሰው አገር ግርድና አልሰጥም» ይላሉ። እዚያ ቤት ውስጥ ቀን ከቀን የሚነሳው ጉዳይ ይሄው ነበር፤ ትሂድ ወይስ ትቅር። እንድትቀር የሚያደርግ ነገር መገኘት አለበት። ያ ነገር እዚያ አገር ቲማቲም ነበር።

ከወንዙ በቦይ የሚጠለፍ ውሃ አለ። በጋውን ሙሉ ቲማቲም አልምቶ በአህያ ሽቅብ ወደ ወግዲና ወደ መካነ ሰላም ገበያ ያወጣ ሰው ልጆቹን አያሰድድም። ግን ቲማቲሙ አልያዘላቸውም። ጥር ላይ ይተከላል፤ መጋቢት ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ከቅጠሉ ሥር እንደ ዱቄት የደቀቀች ነጭ ዝንብ ትሰፍራለች። ተክሉን ነካ ስታደርጉት ቡን ብላ ትነሳለች። የባሰው ጉዳት ግን እሷ ሳትሆን ከታመመው ወደ ጤነኛው ይዛው የምትሄደው ቫይረስ ነው። አናቱ ላይ ያለው ቅጠል ቢጫ ይሆናል፣ ዳርዳሩ ወደ ላይ ይጠቀለላል፣ አበባው ይረግፋል፣ ተክሉ ድንክ ሆኖ ይቀራል። ገበሬው ምች መታው ይላል። መድኃኒት ሲረጭ ዝንቧ ትሞታለች፣ በማግስቱ ሌላዋ ከጎረቤት ማሳ ትመጣለች።

በመጣሁበት ዓመት ከምርምር ጣቢያ አንድ ባለሙያ በበቅሎ ወርዶ በትንንሽ ፖስታ ዘር ሰጠኝ። የዱር ቲማቲምን ከለመድነው ጋር አዳቅለው ያገኙት ነው። ገና ያልረጋ ዘር ነው አለኝ፤ ከአንድ ፍሬ ከወጡ ችግኞች እንኳ አንዱ በሽታውን ይችላል፣ ሌላው አይችልም። የእኛ ሥራ መለየት ነው። በየሁለት መስመሩ መካከል በሽታ የማይችለውን የአገሩን ቲማቲም ትከሉ፣ እሱ ይታመም፣ ዝንቧም ትራባበት። መድኃኒት አትርጩ። የታመመ አትንቀሉ። በዚያ ሁሉ በሽታ መሐል ቆሞ ያፈራውን ብቻ ቀይ ክር እሰሩበት፣ ዘሩን አውጡ፣ በዓመቱ እሱን መልሳችሁ ትከሉ። ሦስት በጋ እንዲህ ከተደረገ ሙቀቱንም በሽታውንም የሚችል ቲማቲም ይገኛል። በቅሎው ላይ ሊወጣ ሲል ደግሞ እንዲህ አለኝ፤ «ፈተናው በሽታው ነው። ፈተናውን ካስቀረሽው ማን እንዳለፈ አታውቂም።» ደብተሬ ላይ ጻፍኩት።

አባባ መሬት ሲጠየቁ የሰጡት ጥጋጥጉን አይደለም። መስጊድ አጠገብ፣ መንገድ ዳር ያለውን፣ ውሃ መጀመሪያ የሚደርስበትን መሬታቸውን ሰጡ። ለእንግዳ ነገር መጥፎ መሬት መስጠት ነውር ነው አሉ። ይሄ ደግነታቸው ኋላ ጉድ እንደሚያፈላ ማን ያውቃል። የመጀመሪያው በጋ ማሳው የሚታይ አልነበረም። ግማሹ ቢጫ፣ ግማሹ የተጨማደደ፣ አረሙ ብቻ ደልቶት። ለጁምዓ ሶላት የሚመጣው ሰው ሁሉ በዚያ ያልፋል። «ሼሁ ዘንድሮ በሽታ ዘሩ እንዴ» ይላል አንዱ። እሳቸው ይስቃሉ፤ ሳቁ ግን ከጥርስ አያልፍም ነበር። ዕድሜያቸውን በሙሉ ማሳቸው ተሰድቦ አያውቅም። አንድ ቀን «ልጄ፣ ይቺን የባሰባትን እንኳ ባነሳት ምን አለበት» አሉኝ። አይቻልም አልኩ። «እሺ፣ አንቺ የተማርሽው ታውቂያለሽ» ብለው ተዉኝ። ያን ዓመት ሰባት ተክል ብቻ ተረፈ። ልጅቷ ቀይ ክር አሰረችባቸው። ፍሬውን በጣሳ ጨምቃ፣ ዝልግልጉ እስኪለቅ ሁለት ቀን አቆይታ፣ አጥባ ነጠላዋ ላይ አሰጣች። እንደሷ ዘር የሚያጥብ ሰው አላየሁም።

በሁለተኛው በጋ የሰባቱን ዘር አፍልተን ተከልን፤ በመካከሉም እንደተባልነው የአገሩን። መጋቢት ገብቶ በሽታው ገና ሲጀማምር ወረዳው ጠራኝ። ሥልጠናና ግምገማ ነው፤ ሁለት ሳምንት። ሂስ፣ ግለ ሂስ፣ አንድ ለአምስት፣ ማታ ደግሞ ሪፖርት መገልበጥ። እዚያው እያለን ከዞን የሚመጡ ጎብኚዎች የእኔን ማሳ እንዲያዩ ተወሰነ። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ በሰው ፊት «ውጤት የሌለው ባለሙያ ዘንድሮ አንሸከምም» ብሎ ዓይኑን እኔ ላይ ጣለ። ለቀበሌው በስልክ ተነገረ፤ ሊቀመንበሩም ለአባባ ነገራቸው። እኔ የተመለስኩት የጉብኝቱ ዋዜማ ነው።

ማሳው ለምለም ነበር። እውነቴን ነው፣ መጀመሪያ ሳየው ልቤ በደስታ ዘለለ። ቢጫ ቅጠል የለም፣ አፈሩ ተኮትኩቶ ውሃ ጠጥቷል፣ ፍሬው ተንዠርግጓል። ቀረብ ብዬ ግን መስመሮቹን ቆጠርኩ። የአገሩ ቲማቲም መስመር ጠቅላላ የለም። የእኛውም መስመር ቦታ ቦታው ላይ ክፍት ነው። አባባ ቦዩ ዳር ተቀምጠው ጣታቸውን በውሃ እየተለቃለቁ ነበር።

«አባባ፣ እዚህ የነበሩት የት ሄዱ?» አልኳቸው።

«የታመመውን አነሳሁት» አሉኝ፣ ምንም ሳይደብቁ። «ገና ቅጠሉ ሲጠወልግ ጠዋት ጠዋት እየለቀምን ገደል ከተትነው። እንግዳ ሲመጣ በሽተኛ ደጅ ላይ ይሰጣል እንዴ ልጄ?»

የዚያን ጊዜ ማለት የነበረብኝን አውቃለሁ። ዝንቧ የምትቀዳበት በሽታ ሜዳው ላይ ከሌለ የቀረው ተክል ሁሉ ጤነኛ ይሆናል፤ በሽታውን የሚችለውም፣ የማይችለውም። የትኛው የትኛው እንደሆነ ከዚያ ወዲያ ማንም አያውቅም። ሁለት ዓመት የለፋንበት ገደል ገብቷል። ይሄን የዚያኑ ቀን ልነግራቸው፣ ለኃላፊውም «ማሳው አይሆንም» ብዬ ልጽፍ ይገባኝ ነበር። ምላሴ ላይ ደርሶም ነበር። ሽማግሌው ፊታቸው በራ ብሎ ያዩኛል፣ ነገ የዞን ሰው ይመጣል፣ ማሳው ዳር ልጅቷ ቆማ ታዳምጣለች። «ጥሩ ነው አባባ» አልኩ። አዎ፣ እኔ ነኝ ያልኩት። ከዚያም ራሴን ሸነገልኩ፤ ምናልባት የቀሩት በእውነት የሚችሉት ይሆናሉ እያልኩ አርባ ምናምን ተክል ላይ ቀይ ክር አሰርኩ።

በማግስቱ ተጨበጨበ። አባባ ሞዴል አርሶ አደር ተባሉ፣ ፎቶ ተነሱ። ኃላፊው «ውጤት ማለት ይሄ ነው» እያለ ትከሻዬን መታ መታ አደረገ። ዘሩ ገና አንድ በጋ መፈተን ይቀረዋል ብዬ በቀስታ ስናገር «አንቺ ደግሞ ሲሳካልሽ ያምሻል?» አለኝና በሚመጣው በጋ ለቦዩ ተጠቃሚ ሁሉ እንዲከፋፈል ተወሰነ። ዝም ማለት እንደዚያ ቀን ቀሎኝ አያውቅም።

በዚያው ሳምንት የልጅቷ ፓስፖርት ከደሴ መጣ። ደላላው በአውሮፕላን የሚሄዱ ሴቶች ስም ዝርዝር ውስጥ አስገብቷታል፤ ከአክስቷ ልጅ ጋር ተነጋግረው ጨርሰዋል። አባባ ምሳ ላይ፣ እኔ ባለሁበት፣ «አንድ በጋ ብቻ ታገሺኝ» አሏት። «ዓይንሽ አይቶ የለም እንዴ? ይሄ ቲማቲም ከያዘ ግማሹ መሬት ያንቺ ነው። ካልሆነልን በራሴ እጅ እሸኝሻለሁ፣ ወላሂ።» ልጅቷ እኔን አየችኝ። መልሱን ከእኔ ነበር የፈለገችው። «እታለም፣ ይይዛል?» አለችኝ።

«ኢንሻአላህ» አልኳት። አንድም ቀን ከአፌ ወጥቶ በማያውቅ ቃል ተደበቅኩ።

ቆየች። ተራዋን ለሌላ ሴት ለቀቀች፤ አንድ ቀን ሙሉ አለቀሰችና በማግስቱ ዘር ልታጥብ ተነሳች። ክረምቱን ሁሉ ስለ ቲማቲም ነበር የምታወራው። በጋው ሲመጣ የቦዩን ዳር ሁሉ ችግኝ ያፈላችው እሷ ናት። ሰዎች መደብ እንዴት እንደሚደለደል እየመጡ እሷን ይጠይቃሉ። ይሄን ያህል ስትናገር ሰምቻት አላውቅም ነበር። አባባ ሽንኩርትና ማሾ የሚያበቅሉበትን ሁሉ በቲማቲም ሸፈኑት። ጎረቤቱም እሳቸውን አምኖ እንዲሁ አደረገ። የእኔን ደብተር ያመነ የለም፣ ሁሉም ያመነው የሳቸውን ቃል ነው። እኔ በየቀኑ ቅጠል እየገለበጥኩ ሥር ሥሩን አያለሁ። ሆዴ ያውቀዋላ።

መጋቢት አጋማሽ ላይ ዝንቧ መጣች። ያን ዓመት ሙቀቱ ለብቻው ነበር፤ አፈሩ በጫማ ያቃጥላል። መጀመሪያ የታመመው የታችኛው ማሳ ነው፣ በሳምንቱ መካከለኛው፣ ከዚያ ሁሉም። አናቱ ቢጫ፣ ቅጠሉ ጥቅልል፣ አበባው መሬት ላይ። ዘሩን ወደ ሰጠኝ ባለሙያ ለመደወል ኔትወርክ ያለበት ጉብታ ላይ ወጣሁ፤ ሥራ ቀይሮ ከጣቢያው ወጥቷል አሉኝ። ወደ ወረዳው ወጣሁ። ሦስት ቀን አስቀመጡኝና ቃለ ጉባኤ አስፈረሙኝ፤ «አርሶ አደሩ የተሰጠውን ምክረ ሐሳብ በአግባቡ ባለመተግበሩ» ይላል። ፈረምኩ። ስፈርም ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከዚያ ሁሉ ተክል መሐል በእውነት የሚችሉት ጥቂቶቹ አሁን ይታያሉ፣ ፈተናው መጥቷልና። ወርጄ እለያቸዋለሁ አልኩ።

ስወርድ ፍየልና ከብት ተለቆበት ነበር። የሞተ ማሳ ከብት ይለቀቅበታል፣ ወጉ ነው፤ ቢያንስ እንስሳው ይብላው ይባላል። መሬት ላይ የቀረው ግንድ ግንዱ ብቻ ነው። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። አባባንም ማንም አልወቀሳቸውም፤ ሶላት ሲወጡ ከወትሮው በበለጠ አክብሮት ሰላም ይሏቸዋል። እሱ ነበር የጎዳቸው። ሰው ተቆጥቶ ቢሰድባቸው ይቀላቸው ነበር። ሚስታቸው ጎመኑ እንኳ ሳይቀር ተነቅሎ ቲማቲም የተተከለበትን ጓሮ ቁጭ ብለው ያዩታል፣ አይነኩትም። እኔ እንጀራ ሲቀርብልኝ ውሃ ብቻ እጠጣ ነበር።

የአውሮፕላኑ መንገድ በዚያው ዓመት ተዘግቷል። መንግሥት ወደ ዓረብ አገር ለሥራ መሄድ ከልክሏል፤ ደላላው ፓስፖርቱን መልሶ «አሁን በእግር ነው፣ በጅቡቲ፣ ከዚያ በባሕር ወደ የመን» አለ። አባባ ቃላቸውን ሰጥተዋልና አልከለከሏትም። በራሴ እጅ እሸኝሻለሁ ብለው ነበር፤ ሸኟት። እኔ እስከ መካነ ሰላም አብሬያት ወጣሁ፤ ከዚያ ሌሎች ልጆች አሉ፣ አንድ ላይ ይሄዳሉ። ዳገቱ መሐል ዛፍ ጥላ ሥር አረፍን።

«እታለም፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለችኝ። «አምና የታመመውን ስንነቅል ነው የተበላሸው?»

ማን ነገራት አላውቅም። ምናልባት ማንም አልነገራትም፣ ራሷ ደርሳበታለች። «ማን ነቀለ?» አልኩ፣ ላለመመለስ።

«እኔና አባዬ። አንቺ ከተማ ሳለሽ። እኔ አይሆንም፣ እታለም አትንኩ ብላለች ብዬው ነበር። እሱ ግን ሊቀመንበሩ ነግሮታል፤ ማሳው ካላማረ ከሥራ ያስወጧታል አለ። ልጃችን በአለቆቿ ፊት አትዋረድም አለ። ለኛ አይደለም እኮ የነቀልነው።»

እኔ እኮ እሳቸው በሰው ፊት ላለማፈር ያደረጉት ነበር የሚመስለኝ። አንድ ዓመት ሙሉ በሆዴ እንደዚያ እያልኩ ነው የኖርኩት። ነገርኳት። የዚያኑ ቀን አይቼ እንደገባኝ፣ አውቄ ዝም እንዳልኩ፣ ይይዛል ወይ ስትለኝ እንደማይዝ ልቤ ያውቅ እንደነበር፣ ሁሉንም። የአባቷ ጥፋት ነው ተብሎ የተጻፈ ወረቀት ላይ መፈረሜንም ነገርኳት። መሬት መሬቱን እያየች አዳመጠችኝ።

«ብትነግሪን እኮ ምንም አንልሽም ነበር» አለች። ቆይታ ደግሞ፣ «አምና ቢሆን በአውሮፕላን ነበር የምሄደው» አለች። ቁጣ የለበትም። ከዚያ ተነስታ ፌስታሏን ያዘች። «ለአባዬ እንዳትነግሪው። ያስቆየኝ እሱ ነው፤ ይሄን ከሰማ ይሞትብኛል። ማይልኝ።» እኔም ማልኩላት።

ከጅቡቲ አንድ ጊዜ ደወለች፤ ደህና ነኝ፣ ነገ ጀልባ ነው አለች። ከዚያ በኋላ ያንን ስልክ የሚያነሳ የለም። የአክስቷ ልጅ «ጅዳ አልደረሰችም» አለች። አብረዋት ከሄዱት ሁለቱ ቤተሰቦቻቸው ጋር ደውለዋል፤ እሷን የመን ላይ ከተለያየን አላየናትም ነው የሚሉት። በዓመቱ ዝውውር ጠይቄ ወደ ደጋ ወጣሁ።

ዕቃዬን ይዤ ስወጣ አባባ ግቢው በር ድረስ ሸኙኝ። ከስተዋል፣ ጨዋታውም የለም። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉልኝ፤ ለጤናዬ፣ ለመንገዴ፣ ለምወልደው ልጅ። ከዚያ እጃቸው እንደተዘረጋ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፣ «ልጄ፣ ያቺ ቲማቲም ባትኖር ያኔውኑ ነበር የምትሄድብን» አሉኝ። «አንድ ዓመት ያቆየሽልን አንቺ ነሽ። አንድ ዓመት ከዓይናችን ሥር ኖረችልን። የዚያን ዓመት ውለታ አላህ ይክፈልሽ።»

አሜን አልኳቸው።